58 ተማሪ ያለበት ክፍልና የመምህሩ ክብር

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነኝ። አምስት ክፍል አስተምራለሁ። በእያንዳንዱ ክፍል 58 ገደማ ተማሪ አለ። የተማሪውን ብዛት በስብሰባ ላይ ባነሳሁ ቁጥር ርዕሰ መምህሩ ‹ጥናት የሚያሳየው የክፍል ብዛት ለውጥ እንደማያመጣ ነው፤ ወሳኙ የመምህሩ ብቃት ነው› ይሉኛል። እውነት ነው? ሰው ለመምህርነት ያለው ግምት መውረዱስ ከዚህ ጋር ይገናኛል? ወይስ እኔ ነኝ ሁለቱን የማደባልቀው?»

ቀጥታ ልመልስ። ርዕሰ መምህሩ ከሜዳ ተነስተው አይደለም። እንደዚያ የሚሉ ጥናቶች አሉ። ችግሩ ጥናቶቹ የለኩት የእርስዎን ዓይነት ክፍል አለመሆኑ ነው። ሁለተኛውንም ጥያቄ አላደባለቁትም። የተማሪ ብዛትና የሙያው ክብር በእርግጥ ይገናኛሉ፤ የሚገናኙትም በመምህሩ ሰዓትና በትምህርት ቤቱ በጀት ላይ ነው። በቅደም ተከተል ልሂድ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ለውጥ አያመጣም» የሚለው አባባል ጉልበት ያገኘው በ1980ዎቹ ነው። ኤሪክ ሃኑሼክ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ቆጠረ። የተማሪ ቁጥር መቀነስና የተማሪ ውጤት መሻሻል ወጥ የሆነ ግንኙነት የላቸውም አለ። ሌላው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አለን ክሩገር ደግሞ ያንኑ ክምር መልሶ ቆጠረው። የክሩገር ቅሬታ ቀላል ነበር። ከአንድ ጽሑፍ ብዙ ግምቶች እየተወሰዱ እንደ ብዙ ማስረጃ ተቆጥረዋል። እያንዳንዱ ጥናት እኩል ድምፅ ሲሰጠው ሚዛኑ ወደ ትንሽ ክፍል አዘነበለ። ሁለቱ ለዓመታት ተከራከሩ፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልተዘጋም።

እኔ ከክርክሩ ይልቅ የማምነው በአሜሪካዋ ቴነሲ ግዛት የተደረገውን ስታር የተባለ ሙከራ ነው። ከ1985 ጀምሮ ለአራት ዓመት የቆየ ነው። 79 ትምህርት ቤቶች ገቡበት። በጠቅላላው ወደ 11,600 የሚጠጉ ልጆች አለፉበት። ልጆቹም መምህራኑም በዕጣ ተመደቡ። አንዳንዱ ክፍል ከ13 እስከ 17 ተማሪ ያዘ። አንዳንዱ ከ22 እስከ 25። ሦስተኛው ዓይነት ክፍል መጠኑ እንደ ሁለተኛው ሆኖ የሙሉ ቀን ረዳት ተጨመረለት። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል እንዲህ ቆዩ። ከዚያ ሁሉም ወደ መደበኛው ክፍል ተመለሱ።

በትንሹ ክፍል የነበሩት ልጆች በንባብም በሒሳብም በለጡ። ጥቅሙ ለድሃ ቤተሰብ ልጆችና ለጥቁር ተማሪዎች ሰፋ ያለ ነበር። ወደ ትልቅ ክፍል ከተመለሱ በኋላ ልዩነቱ ጠበበ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። ከዓመታት በኋላ ኮሌጅ የመግባት ዕድላቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ። ረዳት የተጨመረለት ክፍል ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ይቺን ነገር ያዙልኝ። «ክፍሉን ከመክፈል ረዳት እንመድብልዎ» የሚል መልስ አንድ ቀን ሊሰጥዎ ይችላል።

አሁን ቁጥሮቹን መለስ ብለው ይዩ። «ትልቅ» የተባለው ክፍል 25 ተማሪ ነው። ለእርስዎ ይህ ሕልም ነው። «ጥናቱ ትንሽ ልዩነት ብቻ አሳየ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው በ22 እና በ28 መካከል ስላለው ርቀት ነው። ስለ 58 የሚናገር አይደለም። ከ28 ወደ 22 መውረድ የመምህሩን የማስተማር ዘዴ ላይለውጠው ይችላል። ብዙ ተመራማሪዎችም ውጤቱ ትንሽ የሚሆንበትን ምክንያት የሚያስረዱት በዚህ ነው፤ መምህሩ በ28 ያደርገው የነበረውን በ22ም ይደግመዋል። 58 ላይ ሲደረስ ግን ዘዴው ራሱ ተገድዶ ይለወጣል። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ሚዛናዊ ለመሆን ሌላውንም ልንገርዎ። በእስራኤል ደንቡ አንድ ክፍል ከ40 ተማሪ እንዳያልፍ ይከለክል ነበር። 41ኛው ልጅ ሲመዘገብ ክፍሉ ለሁለት ይሰነጠቅ ነበር፤ 40 የነበረው 20 እና 21 ይሆን ነበር። ይህ ለተመራማሪ እንደ ስጦታ ነው፤ ማንም ሳያቅድ የተሠራ ሙከራ ማለት ነው። ጆሹዋ አንግሪስትና ቪክተር ላቪ በ1999 ባሳተሙት ጥናት በትንሹ ክፍል ያሉ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ተሽለው ተገኙ። በ2019 ከባልደረቦቻቸው ጋር በአዲስ መረጃ ሲደግሙት ግን ያ ጥቅም አልታየም። በስዊድን ደግሞ ከ10 እስከ 13 ዓመት ዕድሜያቸው በትንሽ ክፍል የተማሩ ልጆች አድገው የተሻለ ገቢ አግኝተዋል። ማስረጃው እንዲህ የተዘበራረቀ ነው። «ተረጋግጧል» ብሎ ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ካዩ፣ በየትኛውም ወገን ይሁን፣ ጠርጥሩት።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ቀላል ነገር ያጣሩ። ትምህርት ቤቱ ሪፖርት የሚያደርገው የትኛውን ቁጥር ነው? የተማሪ መምህር ጥምርታና የተማሪ ክፍል ጥምርታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለምሳሌ 1,160 ተማሪና 33 መምህራን ያሉት ትምህርት ቤት እናስብ። አንድ መምህር ለ35 ተማሪ ይደርሳል። ወረቀት ላይ ያምራል። ያሉት የመማሪያ ክፍሎች 20 ብቻ ከሆኑ ግን እያንዳንዱ ክፍል 58 ልጅ ታጭቆበታል። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው። ልጁ የሚኖረው ግን በሁለተኛው ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት የጎደለው መምህር ላይሆን ይችላል፤ ክፍል ነው። መፍትሔውም ይለያል። ብዙ ስብሰባ በከንቱ የሚያልቀው አንዱ ወገን ስለ አንደኛው፣ ሌላው ስለ ሁለተኛው እያወራ ስለሆነ ነው።

እስቲ ወደ እርስዎ ሥራ እንግባ። አንድ ፔሬድ 40 ደቂቃ ነው እንበል። ለ58 ሲካፈል ለአንድ ልጅ 41 ሰከንድ ይደርሰዋል። ያውም ምንም ሳያስረዱ፣ ሰሌዳ ላይ ሳይጽፉ፣ ስም ሳይጠሩ፣ ከኋላ ወንበር የሚያወራውን ዝም ሳያሰኙ። ከክፍል ውጭ ያለው ሒሳብ ደግሞ ይብሳል። አምስት ክፍል በ58 ሲባዛ 290 ደብተር ነው። ለአንድ ደብተር 3 ደቂቃ ብቻ ቢሰጡ 870 ደቂቃ ይወስዳል። አሥራ አራት ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ ለአንድ ቤት ሥራ! ክፍሉ 30 ቢሆን ሰባት ሰዓት ተኩል በበቃ ነበር። እሱም ቀላል አይደለም፤ ግን በሳምንት ውስጥ ሰው ሊሠራው የሚችል ነገር ነው።

ታዲያ መምህሩ ምን ያደርጋል? ማንበብ የሚጠይቅ ሥራ መስጠት ያቆማል። «እንዴት እንደደረስክበት አሳይ» የሚለው ጥያቄ ይቀርና «እውነት ወይም ሐሰት» ይተካል። ደብተር ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ይፈርማል፤ ምን እንደተጻፈ ግን አያነብም። ተከታታይ ምዘና የሚባለው ነገር የማርክ ቅጽ መሙያ ይሆናል። ልጆች ደብተር ተለዋውጠው ይተራረማሉ። ይህን እንደ ስንፍና የሚቆጥር ሰው 290 ደብተር ይዞ ቤቱ ገብቶ ይሞክረው።

በሒሳብ ትምህርት ደግሞ ጉዳቱ የት ላይ እንደሚወድቅ እርስዎ ያውቁታል። አንድ ልጅ ክፍልፋይ ሲደምር የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው ጋር ይደምራል። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ሁለት አምስተኛ ነው ይላል። መልሱን «ስህተት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ልጁ ምን አስቦ እዚያ እንደደረሰ ማየት ግን አጠገቡ መቀመጥን ይጠይቃል። ያ ሳይስተካከል ሰባተኛ ክፍል ከገባ አልጀብራው የሚቆምበት መሬት የለውም። በ58 ተማሪ ክፍል ውስጥ መምህሩ ማን እንደተሳሳተ ያውቃል። ለምን እንደተሳሳተ ግን አያውቅም። የመምህርነት ሙያ ደግሞ ያለው እዚያ «ለምን» ላይ ነው።

«እነ ጃፓንና ሲንጋፖርስ? ትልቅ ክፍል ይዘው በዓለም አቀፍ ፈተና አንደኛ ይወጡ የለ?» ይሉዎት ይሆናል። እውነት ነው፤ ክፍሎቻቸው ከብዙ ሀብታም አገሮች ይበልጣሉ። ግን ሙሉውን ታሪክ ይንገሩ። በ2018 የታሊስ ዓለም አቀፍ የመምህራን ጥናት መሠረት የጃፓን የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህር በሳምንት 56 ሰዓት ይሠራል። ከዚያ ውስጥ ክፍል ቆሞ የሚያስተምረው 18 ሰዓት ነው። በ2013ቱ ጥናት ደግሞ በሻንጋይ የማስተማሪያው ሰዓት ወደ 14 ይወርዳል። ከቀረው ጊዜ ጥሩ ድርሻ የሚሄደው ለዝግጅት፣ ለእርማት፣ የሌላውን መምህር ክፍል ገብቶ ለማየት፣ ከባልደረባ ጋር ትምህርት ለማቀድ ነው። ማለትም ትልቁን ክፍል የገዙት በመምህሩ ሰዓት ነው። የጃፓኑ 56 ሰዓት የሚያስቀና አይደለም፤ እዚያም መምህራን በሥራ ጫና በጣም ያማርራሉ። ትልቅ ክፍልንም ሙሉ የማስተማሪያ ጭነትንም አንድ ላይ የተሸከመ መምህር ግን በዚህ ምሳሌ ሊወቀስ አይገባውም።

ደግሞ እነዚሁ አገሮች እየቀነሱ ነው። ሲንጋፖር የአንደኛና የሁለተኛ ክፍሎቿን ወደ 30 ያወረደችው በ2005 እና በ2006 ነው። ጃፓን በ2021 ባወጣችው ሕግ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎችን ጣሪያ በአምስት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከ40 ወደ 35 ለማውረድ ወሰነች። የትልቅ ክፍል ምስክር ተብለው የሚጠሩት ራሳቸው ከምስክርነቱ እየወጡ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ርዕሰ መምህሩ በቅንነት የሚከራከሩበት ቦታ ካለ ይህ ነው፤ ልንቀልድበት አይገባም። ክፍልን ከ60 ወደ 40 ለማውረድ የመምህራንን ቁጥር በግማሽ መጨመር ያስፈልጋል። ወደ 30 ለማውረድ እጥፍ። የትምህርት በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ስለዚህ በጀቱ ካልጨመረ ሁለት ነገሮች ይጋጫሉ፤ ብዙ መምህር መቅጠር ወይም ያሉትን በደንብ መክፈል። በአሜሪካ የሆነው ይህ ነው። በ1970 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንድ መምህር ለ22 ተማሪ ገደማ ይደርስ ነበር። በ2010ዎቹ ወደ 16 ወርዷል። ከፊሉ ልዩ ድጋፍ ለሚሹ ልጆች የተቀጠረ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን የመምህሩ ደመወዝ ከዋጋ ንረት ጋር ሲነጻጸር ብዙም ፈቀቅ አላለም። ገንዘቡ ቁጥር ገዛ።

ካሊፎርኒያ ደግሞ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። በ1996 ግዛቲቱ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉትን ክፍሎች ከ30 ገደማ ወደ 20 አወረደች። በየቦታው፣ በአንድ ጊዜ፣ በጥድፊያ። በአንድ ጀምበር ብዙ ሺህ መምህር ተፈለገ። የሰለጠነ ሰው ከየት ይምጣ? ሙሉ ፈቃድ የሌላቸው ተቀጠሩ። በድሃ ሰፈር ያሉ ልምድ ያላቸው መምህራን የተሻለ ሰፈር ቦታ ሲከፈት ጥለው ሄዱ። ክሪስቶፈር ጄፕሰንና ስቲቨን ሪቭኪን በኋላ እንዳሳዩት የክፍሉ መቀነስ በራሱ ጠቅሟል። ጥቅሙን ግን የአዳዲስና ያልሰለጠኑ መምህራን መብዛት በከፊል በላው። ስለዚህ «ወሳኙ መምህሩ ነው» የሚለው ንግግር ውስጥ እውነት አለ። ክፍል መክፈል ማንንም አምጥቶ ከማስቆም ጋር አንድ ከሆነ ትርፉ ይሟሟል።

ለእርስዎ ሁኔታ በጣም የሚቀርበው ግን የኬንያው ሙከራ ነው። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ። እስቴር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓና ማይክል ክሬመር በ2005 በምዕራብ ኬንያ 140 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንደኛ ክፍል አንድ የኮንትራት መምህር እንዲጨምሩ ገንዘብ የሚያገኙበትን ፕሮግራም አጠኑ። ከ80 በላይ ልጅ የነበረበት ክፍል ወደ 45 ገደማ ወረደ። ትልቅ ቅነሳ ነው። ውጤቱ ግን ያልተጠበቀ ሆነ። በቋሚው መምህር ሥር በቀሩት ልጆች ላይ ጉልህ መሻሻል አልታየም። በአዲሱ የኮንትራት መምህር ሥር የገቡት ግን ተሻሻሉ። ተጨማሪ ሰው ሲመጣ ቋሚ መምህራኑ ክፍል መግባት ቀነሱ። የወላጆች ኮሚቴ የመከታተል ስልጠና ባገኘበት ትምህርት ቤት ነገሩ ተስተካከለ። ከትምህርት ቤቶቹ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ልጆችን በደረጃቸው ለሁለት ከፍለው ነበር። በነዚያ ውስጥ ጎበዙም ደካማውም ተጠቀመ፤ መምህሩ ፊቱ ላለው ልጅ የሚመጥን ነገር ማስተማር ስለቻለ።

ብዙ ሰው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት «ቋሚ መምህር ሰነፍ ነው፤ ኮንትራት ይሻላል» የሚል ነው። እኔ እንዲህ አላነበውም። የኮንትራት መምህሩ የሚከፈለው የቋሚውን ሩብ ያህል ነበር። የሚሠራውም አንድ ቀን ቋሚ እሆናለሁ ብሎ ተስፋ እያደረገ ነው። በተስፋ የሚሠራ ሰው ለዘላለም በተስፋ አይሠራም። ኋላ ኬንያ ይህንኑ ሐሳብ አስፍታ ስትሞክረው በግብረ ሰናይ ድርጅት የተመራው ክፍል ውጤት አሳየ። በመንግሥት የተመራው አላሳየም። የደመወዝ መዘግየትና የክትትል መላላት ገባበት። ስለዚህ ከኬንያ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ክፍሉ ሲያንስ በተረፈው ጉልበት ምን እንደሚሠራ ካልተወሰነ ጥቅሙ ይበተናል። መምህርን በርካሽ ማግኘት ደግሞ እንደ ቋሚ መፍትሔ አይቆምም።

ይህ በቀጥታ ወደ ክብሩ ጥያቄ ይወስደናል።

መንግሥታት ይህን ነገር የተነጋገሩበት ሰነድ አለ። የመምህራንን አቋም የሚመለከተው የዩኔስኮና የዓለም የሥራ ድርጅት ምክረ ሐሳብ ጥቅምት (ኦክቶበር) 5 ቀን 1966 ፓሪስ ላይ ጸደቀ። የዓለም መምህራን ቀን በዚያው ዕለት የሚከበረውም ለዚህ ነው። ደስ የሚለኝ ሰነዱ ስለ ክብር ሲያወራ ስለ ምስጋና ብቻ አለማውራቱ ነው። የክፍል መጠን መምህሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ ትኩረት እንዲሰጥ የሚያስችለው መሆን አለበት ይላል። የክፍልን መጠን ከደመወዝ፣ ከስልጠናና ከሙያ ነፃነት ጋር በአንድ ሰነድ ውስጥ አስቀምጦታል። እንግዲህ ሁለቱን ያገናኙት እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም።

ክብር የሚጠፋው የት ነው ቢሉኝ፣ የመምህራን ቀን ንግግር ላይ አይደለም። ወላጅ ትምህርት ቤት መጥቶ «የኔ ልጅ እንዴት ነው?» ሲልዎ ነው። 290 ልጅ ለሚያስተምር ሰው መልሱ ምንድነው? «ደህና ነው፤ ትንሽ ይበርታ»። ወላጁ ይህን ራሱም ያውቀው ነበር። የሕክምና ባለሙያን የምናከብረው ስለ ሰውነታችን እኛ የማናውቀውን ስለሚነግረን ነው። መምህርም ስለ ልጁ አስተሳሰብ ወላጅ የማያውቀውን ሲናገር ባለሙያ መሆኑ ይታያል። ክፍልፋዩ ላይ ምን እንደተሳሳተ፣ ለምን፣ ምን እየተደረገ እንደሆነ። ትልቅ ክፍል ከመምህሩ የሚነጥቀው ይህን እውቀት ነው። ከዚያ በኋላ ሰው የሚያየው ልጅ የሚጠብቅና ኖት የሚያጽፍ ሰው ነው። ተማሪውም በየቀኑ ያየዋል። ነገ ሙያ ሲመርጥ ያንን ሰው ያስታውሳል።

ግን ነገሩን አላቃልልም። በዚያው በ2018 የታሊስ ጥናት «ሙያችን በኅብረተሰቡ ዘንድ ዋጋ ይሰጠዋል» ያሉት መምህራን በኦኢሲዲ አገሮች (በአብዛኛው ሀብታም አገሮችን ባቀፈው ድርጅት) በአማካይ 26 በመቶ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ በክፍላቸው 25 እንኳ የማይሞላ ተማሪ ያላቸው ናቸው! ሲንጋፖር ላይ 72 በመቶ፣ ቬትናም ላይ 92 በመቶ ደርሷል፤ እዚያ ደግሞ ክፍሎቹ ትልልቅ ናቸው። ስለዚህ ክፍል ማሳነስ ብቻውን ክብር አይወልድም። ፊንላንድም ክብሩን ያገኘችው በሌላ መንገድ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአንደኛ ደረጃ መምህር ሳይቀር የማስተርስ ዲግሪ ጠየቀች። መግቢያውን አጠበበች። ከዚያ የሚያስተምሩበትን ዘዴ ለራሳቸው ተወችላቸው።

ደመወዝስ? ኢንዶኔዥያ በ2005 ባወጣችው ሕግ መሠረት የሙያ ማረጋገጫ ያገኘ መምህር ከመሠረታዊ ደመወዙ ጋር እኩል የሆነ አበል ያገኛል። በአጭሩ ገቢው እጥፍ ይሆናል። ተመራማሪዎች በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ክፍያው ቀድሞ እንዲገባ አድርገው ተከታተሉ። መምህራኑ በገቢያቸው ረኩ። የገንዘብ ጭንቀታቸው ቀነሰ። ሁለተኛ ሥራ የሚሠሩት አነሱ። የተማሪዎቹ ውጤት ግን ከሁለትም ከሦስት ዓመት በኋላም አልተነቃነቀም። ይህን ጥናት ደመወዝ ላለመጨመር የሚጠቅሱት ሰዎች ያናድዱኛል። ጥናቱ ያየው ቀድሞ ሥራ ላይ ያሉትን ነው። የተሻለ ደመወዝ በአሥር ዓመት ውስጥ ማንን ወደ ሙያው እንደሚስብ አልለካም። መምህር ሳይጨነቅ መኖሩ ራሱ በጎ ነገር ነው። ግን ጥናቱ አንድ ነገር ያሳያል። ያው ክፍል፣ ያው ሰዓት፣ ያው ያልታረመ ደብተር ባለበት ገንዘቡ ብቻውን ወደ ልጁ አይደርስም።

እና ርዕሰ መምህሩን ምን ልበላቸው ካሉኝ፣ «ጥናቱ ከስንት ወደ ስንት መቀነስን ነው የለካው?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ከዚያ ጥያቄውን ወደ ሊመለስ የሚችል ነገር ያውርዱት። «ክፍሎችን በሙሉ ወደ 30 ያውርዱልን» ብሎ መጠየቅ ከትምህርት ቤቱ አቅም በላይ ነው፤ «አይቻልም» ለማለትም ይመቻል። ይልቅ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ ትርፍ መምህር ወይም ትርፍ ክፍል ከተገኘ ማን ይቅደም የሚለው ነው። እኔ ያለ ማመንታት ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል እሰጣለሁ። የስታር ጥቅም የታየው በታችኞቹ ክፍሎች ነው፤ ማንበብ የሚጀመረውም እዚያ ነው። ይህ እርስዎን ስድስተኛ ክፍል ላይ ወዲያው አይጠቅምዎትም፤ አውቃለሁ። ግን ከአራት ዓመት በኋላ ወደ እርስዎ የሚመጣው ልጅ ጥያቄውን አንብቦ የሚረዳ ይሆናል።

ሁለተኛው የእርስዎ ጭነት ነው። ገንዘብ ሳይጨመር እንኳ አምስት ክፍል ከሚያስተምሩ አራት አስተምረው የቀረው ፔሬድ ለእርማትና ለድጋፍ ይያዝልዎ እንደሆነ ይጠይቁ። የመርሐ ግብር ጉዳይ ነው፤ መምህራን ከክፍሎች ቁጥር በሚበልጡበት ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ከላይ ባነሳሁት የ33 መምህራንና የ20 ክፍሎች ምሳሌ ውስጥ ሁሌም ክፍል የማይገቡ 13 መምህራን አሉ። ያ ሰዓት የት እየሄደ ነው? ቁጭ ብሎ ማስላት ያስፈልጋል።

እስከዚያው ክፍል ውስጥ ምን ላድርግ ለሚለው ባጭሩ። ሁሉንም ደብተር ለማረም አይሞክሩ። ከእያንዳንዱ ክፍል በየሳምንቱ 10 ደብተር ብቻ ወስደው በደንብ ያንብቡ፤ ተራው በስድስት ሳምንት ሁሉንም ያዳርሳል። ከ10ሩ ውስጥ የሚደጋገመውን ስህተት በማግሥቱ ሰሌዳ ላይ አውጥተው፣ ስም ሳይጠሩ፣ ከክፍሉ ጋር ይወያዩበት። ማየት የሚፈልጉት ስህተት ካለ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ይስጡና መልሱን በቁራጭ ወረቀት በትልቁ ጽፈው ባንድ ጊዜ ከፍ አድርገው እንዲያሳዩዎት ያድርጉ። 58 መልስ በአንድ ደቂቃ ያያሉ። በሳምንት አንድ ፔሬድ ደግሞ ልጆቹን በሚችሉት ደረጃ ከፍለው ያሠሯቸው፤ በሕንድ ፕራትሃም የተባለው ድርጅት ያስፋፋው ዘዴ ነው፣ በተደጋጋሚ ጥናትም ጥሩ ውጤት ታይቶበታል። ከጎንዎ ያለው የሒሳብ መምህር ከተስማማ ሁለት ክፍል አጣምራችሁ ብትከፋፈሉ ይቀላል።

እነዚህ ዘዴዎች ጉዳቱን ይቀንሳሉ እንጂ 58ን 30 አያደርጉትም። ከሠሩልዎ «ይኸው በ58ም ይቻላል» የሚል ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ከአሁኑ መዝግበው ይያዙ። በዚህ ሳምንት ስንት ደብተር እንዳነበቡ፣ ስንቱን እንዳላነበቡ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀብዎ ይጻፉ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ከማንኛውም የውጭ ጥናት በላይ ክብደት የሚኖረው ይህ የአንድ ወር መዝገብ ነው።